እኔንም ከዕቃው ጋር ጻፉኝ

ሃያ አንድ ዓመት የእድሩን ሬሳ ስቀብር ኖሬ፣ እናቴ የሞተች ቀን እድሩ አልቀብርም አለኝ። በደሉ ይኸው ነው። አስረዝሜ አላሳምረውም።

የምጽፈው ግን ስለ ራሴ አይደለም። በደልማ ማን የሌለው አለ። የምጽፈው በዚያ በደል የተነሣ ስሙን ከእድር መዝገብ አስፍቆ ስለሞተ አንድ መምህር ነው። ኢተፋ ይባላል። መሞቱን የነገረኝ ሸምሱ ባለሱቁ ነው። ከሸነን ከተማ እህል ጭኖ የመጣ ሾፌር ነግሮት፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ እኔን ፍለጋ ወጣ። ከመቃብሩ አጥር ሥር ዶማ ስስል አገኘኝ።

«ቶላ» አለኝ፣ «ዶማውን አስቀምጠው።»

«ማን ሞተ?» አልኩት።

ሰው ሲሞት ዶማ አንሣ እንጂ ዶማ አስቀምጥ ብሎ የመጣብኝ የለም። የሞተው የራሴ ሰው መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። የራሴ የምለው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር የቀረኝ።

እኔ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥቼ በአምቦ ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ እነፋለሁ። «እድርተኞች! አቶ እገሌ አርፈዋል! ቀብር ስምንት ሰዓት ነው! የቀረ ይቀጣል!» እላለሁ። ከዚያ ጉድጓድ እቆፍራለሁ፣ ድንኳን እተክላለሁ፣ ለቀስተኛ ሲበላ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሜ የተረፈውን እጠብቃለሁ። ይህን ሥራ የሰጡኝ ድምፄ አምሮ አይደለም። እናቴ በሕፃንነቷ ከወለጋ ማዶ ተነጥቃ፣ ተሽጣ፣ ባላባት ቤት ያደገች ባሪያ ስለነበረች ነው። ቆዳዬ የሷ ነው። በአማርኛ ባሪያ ይሉኛል፣ በኦሮምኛ ገርባ ይሉኛል። በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ነኝ። አብዮቱ መጥቶ መሬቱ ሲወረስ ባላባቱ ወደቀ፤ እኔ ግን ከነበርኩበት ንቅንቅ አላልኩም።

ኢተፋን ያወቅሁት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ነው። ማንበብ የማይችል ሁሉ ከአሥር ሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ይግባ፣ የቀረ ይቀጣል ተባለ። አዋጁን በጥሩምባ ያሰማሁት እኔ ነኝ። እኔው ግን አልሄድኩም። ለሰው የታወጀ እንጂ ለኔ የታወጀ አልመሰለኝም። በአራተኛው ቀን ጉድጓድ ስቆፍር፣ ጃንጥላ የያዘ፣ ክንዱ በጠመኔ የነጣ ቀጭን ሰው መጥቶ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ቶላ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ያለው የአፈር ግድግዳ ነው። ኦቦ ማለት አቶ ማለት ነው፤ ያን ቃል ሰው ከስሜ ጋር ሲያስጠጋው ሰምቼ አላውቅም።

«ማንን ፈልገው ነው ጌታዬ?»

«እርስዎን። የቀረ ይቀጣል ብለው አላወጁም? ቀርተዋል እኮ።»

«እኔ አርባ ዓመቴ ነው። ምን የምጽፈው አለኝ?»

«የሚያነቡት ግን ይኖራል። ስለ እርስዎ የሆነ ቦታ የተጻፈ ነገር አይጠፋም። ሌላ ሰው አንብቦ ከሚነግርዎ ራስዎ ቢያነቡት አይሻልም?» ሊሄድ ዞር አለና ተመለሰ። «ደግሞ ጌታዬ አይበሉኝ። በዕድሜ ይበልጡኛል። አንተ ይበሉኝ።»

እስኪሞት ድረስ እሱ እኔን እርስዎ፣ እኔ እሱን አንተ እንደተባባልን ቀረን። መንገድ ላይ ይህን የሰማ ሰው ያማትብ ነበር።

ክፍል ስገባ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር ባዶውን ቀረ። ሰው ሁሉ ወደፊት ተጠጋ። ኢተፋ ፊደሉን ሰሌዳው ላይ ጻፈና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ከዚያው ሆኖ በረጅም ሸምበቆ ሰሌዳውን እየነካካ አስተማረ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ደራርቱ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ከፊት ተነሥታ መጣች።

«መምህሩ ካልቆሸሸ የኔ ቀሚስ ምን ይሆናል?» አለች። «ፈቀቅ በል እንጂ! ወንበሩን ብቻህን ልትጨርሰው ነው?»

ከዚያ በኋላ ሰው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ኢተፋ ወደ ሰሌዳው ለሚጠራው ሰው ጠመኔ ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ይሰጠዋል፤ ግማሹን ራሱ ይይዛል። ደብተራችንን ሲያርም ቀን ያልጻፈ ሰው ካገኘ ይቆጣል። «ቀን የሌለው ጽሑፍ ሐሜት ነው» ይላል። «መቼ እንደሆነ ካልነገርከኝ ለምን አምንሃለሁ?»

ስማችንን ከነአባታችን እንድንጽፍ ያዘዘን ቀን እጄን አላነሣሁም። መጥቶ ደብተሬን አየ።

«የአባትዎስ?»

«አባቴን አላውቅም። መታወቂያዬ ላይ ያለው የባላባቱ ስም ነው።»

ሲናደድ ጠመኔውን በጣቱ ያደቅቅ ነበር፤ አደቀቀው። «ያሳደገዎ ማን ነው?»

«እናቴ። ጫልቱ።» እሱም ባላባቱ ያወጣላት ስም ነው፤ ወላጆቿ ያወጡላትን ለኔም ነግራኝ አታውቅም።

«ታዲያ ምን ቸገረን? ቶላ ጫልቱ ብለው ይጻፉ።»

«እንዲህ ያለ ስም የለም።»

«ከዛሬ ጀምሮ አለ።»

አሁን ስለ ክህደቱ ልናገር፤ አምቦ ውስጥ ኢተፋ ሲባል ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነውና። እግዚአብሔር የለም ባይ ነበር። በሹክሹክታም አልነበረም። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ደህና» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን በል እንጂ!» ሲሉት «የተኛሁት እኔ ነኝ» ይላል። እሁድ ጠዋት ከተማው ነጠላውን አጣፍቶ ሲወጣ፣ እሱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ፍል ውሃ ይወርዳል። ጠበል ነው ለሚሉት «ደግ ውሃ ነው፤ ከመሬት ሥር ሞቆ ይወጣል፣ ገላ ያጥባል። ይኸ አይበቃውም?» ይላል። ካቺሲ የሚኖሩት አባቱ በዚህ ምክንያት በራቸውን ዘግተውበታል። ሚስት ለማግባት ሁለት ቤት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሁለቱም «አምላክ የሌለው ሰው ለልጃችን በማን ይምልላታል?» ብለው መለሱት።

ይህን ሲነግረኝ «እውነታቸውን እኮ ነው» አለና ለረጅም ጊዜ ጃንጥላውን ሲከፍት ሲዘጋ ቆየ።

ጊዜው ካድሬውም አምላክ የለም የሚልበት ጊዜ ስለነበር ሰው ኢተፋን ከነሱ ይቆጥረው ነበር። ከነሱ አልነበረም። «እነሱ የካዱት በመመሪያ ነው፤ በመመሪያ ይመለሳሉ» ይል ነበር። አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ከላይ ማንም ከሌለ ለኔ ዓይነቱ ሰው ማን ይፈርድለታል?»

«ማንም» አለ። «ለዚህ ነው ሥራው የበዛብን።»

ያን ቀን ጠላሁት። እኔ በሰማይ ቤት የእድራችን ዳኛ አቶ መንገሻ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ እኔ ከአፋፉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው ነበር የሚታየኝ። ያችን ብቻ ነበር የያዝኩት። እሷንም ነጠቀኝ።

አቶ መንገሻ ቆዳ ነጋዴ ነው። ቀይ፣ ሽቅርቅር። አብዮቱ ሲመጣ የቀበሌ ኮሚቴም ሆነ። አንድ ጊዜ የደቡብ አፍሪካ ነጮች በጥቁሮች ላይ የሚያደርሱትን ግፍ ለመቃወም ሰልፍ ውጡ ተባለ። ጥሩምባ ነፋሁ፤ ሰው ወጣ። አቶ መንገሻ መድረክ ላይ ወጥቶ ክንዱን ወደ ላይ እየወረወረ «የጥቁር ወንድሞቻችን ደም ደማችን ነው!» አለ። ተጨበጨበ። ከመፈክሩ መሐል የድምፅ ማጉያው ጸጥ አለበት። ወደኔ ዞረ።

«አንተ ባሪያ! ምን ትገተራለህ? ንፋው እንጂ!»

ነፋሁት። ማንም አልሳቀም። መሳቅ ያለበት ነገር እንዳለም ማንም አልታየውም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል አንድ ሰው ብቻ ጃንጥላውን ዘርግቶ ፊቱን ሸፈነ። ፀሐይም ዝናብም አልነበረም።

ስንመለስ አብረን ሄድን። «ኦቦ ቶላ» አለኝ፣ «አሜሪካን አገር ተሽጠው የሄዱ ጥቁሮች አሉ። የልጅ ልጆቻቸው እስከ ትናንት ድረስ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ከኋላ ነበር የሚያስቀምጧቸው። አቶ መንገሻ ያኔ እዚያ ቢሄድ የት የሚያስቀምጡት ይመስልዎታል?»

«እሱማ ቀይ ነው፤ ከፊት ነዋ።»

«ከእርስዎ አጠገብ ነው። የሱ ቅላት ነጭ ሰው ፊት አይታይም።»

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። አቶ መንገሻን አውቶቡሱ ኋላ እንዳስቀመጥኩት እስከ ቤቴ ደረስኩ። ኢተፋ ግን አልሳቀም።

«ከነሱም መሐል እንደኔ የጠየቁ አሉ» አለ። «ጸሎት የሚሰማ ካለ ያን ሁሉ ዘመን በመርከብ ስንጫን፣ በገበያ ስንሸጥ ምን ያደርግ ነበር ያሉ። ብቻዬን አይደለሁም።»

ብቻውን ነበር። እነዚያ ያሉት ባሕር ማዶ ነው፤ እሱ ያለው አምቦ ነው።

እናቴ ትወደው ነበር። ቤት ሲመጣ እጁን ልትስም ትጎነበሳለች፤ እሱ ይቀድማትና የሷን ይስማል። «ልጄ፣ የማታምነው አምላክ ነው ወደኛ የላከህ» ትለዋለች። «እሱ ባያየኝ ኖሮ እኔን ማን አየኝ?»

«ማንም አላየዎትም እማማ» አላት አንድ ቀን። «እኔን ያናደደኝ ይኸው ነው።»

እናቴ አለቀሰች። እሱ እንደዚያ ነበር። እውነት የመሰለውን ነገር የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። በማግስቱ ስኳር ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ይቅርታ ከአፉ አልወጣ አለው። «እማማ፣ ይጸልዩልኝ» አላት። ለሱ ያ ከይቅርታ ይከብድ ነበር። እናቴም ገብቷት፣ ግባና ተቀመጥ አለችው።

በ1973 በሰኔ ዝናብ ሞተች። ጥሩምባውን ላነሣ ስሄድ አቶ መንገሻ የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ለማን ነው?»

«ለእናቴ።»

«ጥሩምባው ለእድርተኛ ነው። አንተ እድርተኛ ነህ?»

«ሃያ አንድ ዓመት ቀብሬያችኋለሁ።»

«ሠራተኛ ሌላ፣ እድርተኛ ሌላ። ድንኳኑም ቃሬዛውም እንደዚያው ነው። እኔን አትየኝ፤ መዝገቡ ነው።»

ከሁለት አጠናና ከገመድ ቃሬዛ ሠራሁ። ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ኢተፋ መጣ። ቃሬዛ አራት ሰው ይፈልጋል። ጎረቤቶቻችን በየደጃፋቸው ቆመው ነበር፤ አየናቸው፣ አዩን። አራተኛ ሰው አልወጣም። ሸምሱና እኔ ከፊት ተሸከምን። ኢተፋ ከኋላ በሁለቱ አጠናዎች መሐል ገባና አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጁ ጨብጦ ብቻውን አነሣ። ዳገቱ ላይ ጭቃው አንሸራተተውና በጉልበቱ ወደቀ። ቃሬዛውን ግን አልለቀቀም።

«ትንሽ እናውርዳት?» አልኩት።

«አይወርዱም» አለ። ተነሣ።

ቄሱ መጥተው ፍትሐቱን አደረሱላት፤ ለሳቸው ክፉ ቃል የለኝም። ዝናቡ መጽሐፋቸውን ሊያበሰብሰው ሲል ኢተፋ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከላያቸው ላይ ያዘላቸው። ጸሎቱ እስኪያልቅ ድረስ በዝናብ እየተደበደበ የማያምንበትን መጽሐፍ ከዝናብ ጠበቀ። ያን ክንዱን እስከ ዛሬ አየዋለሁ።

በወሩ እድሩ ሲሰበሰብ መዝገቡን አሳዩኝ አልኩ። አቶ መንገሻ ሳቀ።

«አሳዩት! ይየው! ሥዕል የለውም እንጂ!»

ጸሐፊው ገፋልኝ። የእድርተኞቹን ስም ዝርዝር አየሁ፤ የለሁበትም። እንደማልኖር አውቅ ነበር። ገለጥኩ። መጨረሻው ላይ የእድሩ ዕቃ ተዘርዝሯል። መምህሬ እንዳስተማረኝ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ድንኳን፣ ሁለት። አካፋ፣ አራት። ዶማ፣ ሦስት። ብረት ድስት፣ አምስት። ጥሩምባ ከነባሪያው፣ አንድ።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ጸሐፊው ግራ ገብቶት ወዲያና ወዲህ ያያል። «ዕቃ ስንረካከብ እንዳይጎድል ብዬ እኮ ነው» አለ። «ምን ክፋት አለው?» ከልቡ ነው የጠየቀው። እሱ ነው ያቃጠለኝ። ሊሰድበኝ ብሎ ቢጽፈው ይሻለኝ ነበር።

ኢተፋ ከኋላ ተነሣ። «እኔ እድርተኛ ነኝ?»

«ነህ እንጂ መምህር።»

«ስንተኛ ቁጥር ነኝ?»

ጸሐፊው ፈለገ። «አርባ ሦስት።»

«ወይ እሳቸውን ወደ ላይ አውጡ፣ ወይ እኔን ወደ ታች አውርዱ። ሰርዙኝ። እኔንም ከዕቃው ጋር ጻፉኝ። ከባሪያው ቀጥሎ "ከሃዲ፣ አንድ" በሉ።»

«ቀልዱን ተው መምህር» አለ አቶ መንገሻ። «ከእድር የወጣ ሰው ሲሞት ማን ያነሣዋል?»

«ሥራዬ አይደለም። ያኔ ሞቻለሁ።»

 እኛ ዘንድ ሰው ከሚስቱ ይለያል፣ ከሃይማኖቱም ይለያል፤ ከእድሩ ግን ወዶ አይወጣም። አቶ መንገሻ ብዕሩን ከጸሐፊው እጅ መንትፎ አርባ ሦስተኛውን ስም ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰረዘው።

ወደ ቤት ስንሄድ ጮህኩበት። «ማን ለምኖህ ነው? የኔ አንሶ ያንተንም ልሸከም?»

መንገዱን ቀጠለ። ድልድዩ ጋ ቆመ።

«ኦቦ ቶላ፣ ከላይ የሚያየን ቢኖር ዝም እል ነበር። ፍርዱን ለሱ ትቼ ቤቴ እገባ ነበር። የለም እኮ! ምን ላድርግ?»

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የሚነሳው ሰው በዛ። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲታመም የሚጠራው ጠፋ። እኔ እንኳ እጠራለሁ፤ ድንኳን እንድተክል። ጥሩምባውን አልተውኩም። ምን ልብላ? ደግሞም ሬሳ ምን አድርጎኛል?

በዓመቱ ካድሬዎቹ አምላክ እንደሌለ ለወጣቱ ንግግር አድርግ አሉት። «እኔ የማስተምረው ሂሳብ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ወደ ሸነን አዛወሩት። እንግዲህ በአምላክ ከሚያምኑትም፣ አናምንም ከሚሉትም ተባረረ ማለት ነው። መናኸሪያ የሸኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጃንጥላውን ሊሰጠኝ ፈለገ፤ ሸነን ዝናብ ይበዛል ብዬ መለስኩለት።

በየወሩ በሸምሱ ሱቅ በኩል ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር። ፖስታው ላይ «ለኦቦ ቶላ ጫልቱ» ይላል። አንዱን ደብዳቤ አንብቤ ስጨርስ ሌላው ይደርስ ነበር፤ ንባቤ እንደዚያ ነው። «እዚህ የሚያናግረኝ ዝናቡ ነው» ይላል አንዱ። «ብዙ ያወራል፤ መልስ አይጠብቅም።» የመጨረሻው አጭር ነው። ጉበቱን እንደሚያመው ጽፎ፣ ከሥሩ «ብሞት ማንንም እንዳታስቸግሩ። እርስዎ ቢቆፍሩልኝ ግን ደስ ይለኛል። ልኬን ያውቃሉ» ይላል። መልሱን ገና እየጻፍኩ ነበር ሸምሱ ዶማውን አስቀምጥ ያለኝ።

ዶማውን አላስቀመጥኩም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከኔ ጋር ነው። ከፈትኩና ጥሩምባውን አወጣሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም። በጭነት መኪና፣ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሸነን ገባሁ።

በተከራያት አንድ ክፍል ውስጥ ተጋድሟል። አጠገቡ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ብቻ ነበር። ጃንጥላው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ወደ ቄሱ ሄድኩ። «ክፉ አልልም፣ ልጆቻችንን አስተምሯል» አሉኝ። «በሕይወቱ አልገባም ያለበትን ደጅ ግን ሬሳውን በግድ እንዴት አስገባዋለሁ? እሱስ ቢሰማ ይወደዋል?» አይወደውም ነበር። ቀበሌው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ባዶ መሬት ፈቀደ። ቆፈርኩ። ልኩን አውቃለሁ፤ እንደሱ ጥንቅቅ አድርጌ የቆፈርኩት መቃብር የለም።

ተሸካሚ አልነበረም። ዘበኛውና እኔ ሁለት ነን። የገበያ ቀን ነበር። ጥሩምባዬን ይዤ ገበያው መሐል ቆምኩና ነፋሁ። ጥሩምባ የትም አገር ጥሩምባ ነው፤ ሰው ቀጥ አለ። እድርተኞች እንዳልል እድር የለውም። ምእመናን እንዳልል እምነት የለውም።  ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

«ሰው የሆናችሁ! መምህር ኢተፋ ሞቷል! ቀብሩ አሁን ነው!»

የቀረ ይቀጣል አላልኩም።

መጀመሪያ ተማሪዎቹ መጡ። ከዚያ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተነሣች። ከዚያ ወንዶቹ። ቃሬዛውን አራት ሰው ያዘው፤ አራቱ ሳይደክማቸው ሌሎች አራት ትከሻቸውን ሰጡ። እኔ መሸከሚያ ቦታ አጥቼ ከኋላ ሄድኩ። አፈር ስንመልስበት ብዙዎቹ ነፍስ ይማር አሉ። አልከለከልኳቸውም። እሱም ቢሆን ጃንጥላ ይዘረጋላቸው ነበር።

አምቦ ስመለስ አቶ መንገሻ ጥሩምባ ሰረቀ ብሎ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ከሶኝ ቆየኝ። ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። አንዷ ደራርቱ ናት፤ ቅቤ ነጋዴዋ። አቶ መንገሻ መዝገቡን ብብቱ ሥር ይዞ ገባ።

«ጥሩምባው የእድሩ ንብረት መሆኑን መዝገቡ ይመስክር» አለና ገጹን ገልጦ ለዳኞቹ አስቀመጠ። ያን ገጽ በእጁ ገልጦ ሲሰጥ ምን እንደሚሰጥ አልታየውም። ለሱ ዕቃ ነው የተጻፈው።

ደራርቱ ወደራሷ ሳበችው። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደኔ፣ ጮክ ብላ አነበበች። አካፋውን አነበበች። ዶማውን አነበበች። «ጥሩምባ ከነ...» አለችና ጣቷ ቆመ።

«ከነምን ነው የሚለው አቶ መንገሻ?»

«እ... የድሮ አጻጻፍ ነው።»

ደራርቱ ወደኔ አየች። «አንተስ? ሰርቀሃል?»

«መዝገቡ እውነት ከሆነ» አልኩ፣ «ጥሩምባውና እኔ አንድ ላይ የተጻፍን ዕቃ ነን። ዕቃ ዕቃ ይሰርቃል? አብረን ጠፋን በሉ። መዝገቡ ሐሰት ከሆነ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት የቆፈርኩ እድርተኛ ነኝ። በጥሩምባዬ የራሴን ሰው ቀበርኩ።»

«እሺ አቶ መንገሻ» አለች፣ «የቱ ይሁንልዎ? ባሪያ አለኝ ብለው በዚህ ዘመን ይፈርማሉ?»

አቶ መንገሻ ላቡን ጠረገ። «ይሰረዝ» አለ።

«ይሰረዝና ቶላ ከእድርተኞቹ ጋር ይጻፍ» አለች። ሁለቱ ዳኞች አንገታቸውን ነቀነቁ።

«የኔ ይቆይ» አልኩ። «መጀመሪያ አርባ ሦስተኛው ይመለስ።»

ጸሐፊው ዘሎ ተነሣ። «እሱ ሞቷል እኮ! የሞተ ሰው እንዴት እድርተኛ ይሆናል?»

«እድር የሚያስፈልገው ሲሞት አይደለም እንዴ?»

ደራርቱ ሳቋ አመለጣት፤ ፈቀቅ በል ያለችኝ ቀን የነበረው ድምፅ ነው። ይመለስ ተባለ። ጸሐፊው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። «ማንበብ ከቻልክ መጻፍም አያቅትህም፤ ራስህ ጻፈው!» አለ። ሊያዋርደኝ ነበር።

እድሩ ለኢተፋ ያደረገው ይኸው ነው። ጉድጓድ አልቆፈረለት፣ ድንኳን አልተከለለት። እኔ ዛሬም በሰው አላምንም፤ እሱ ያምን ነበር፣ ብቻውን ያስቀረውም ያ እምነቱ ነው። ከተቀደደው መስመር አጠገብ መምህር ኢተፋ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ቶላ ጫልቱ ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ማንም ቶሎ በል አላለኝም። ቀን የሌለው ጽሑፍ ሐሜት ነው ይል ስለነበር ቀኑንም ጻፍኩበት፤ ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.